ያልተቆረጠው ሳቅ

ሩሃማ ሰብስቤ ውሸት አይሆንላትም። ትንሽ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል፣ ብዙ ስትዋሽ ደግሞ እጇ የሚይዘውን ያጣል። ሰኞ ጠዋት አየር ጤና ባለው የአባቷ የሴራሚክና የቀለም ሱቅ ውስጥ የዋሸችውን ግን ጆሮዋም ሳይቀላ፣ እጇም ሳይንቀጠቀጥ ዋሸችው። ከሁሉ የቆጫትም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መምህር ዘርዓብሩክ ስባሪ ሴራሚክ ፈልጎ ወደ ሱቁ ገባ። ዓለም ባንክ ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የሩሃማን ታናሽ እህት ሔለንንም ያስተምራል። ከሩሃማ ጋር ደግሞ፣ መቼም ገምታችሁታል፣ ከተዋደዱ ድፍን ዓመት ሆናቸው። ይህን ከፈጣሪና ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። አባቷ አቶ ሰብስቤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከቦንጋ መጥተው፣ ከተሸካሚነት ተነስተው ይህን ሱቅ ያቆሙ፣ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የዘርዓብሩክ እናት አበበች ደግሞ አስራ ስምንት ማዞሪያ ጉልት ትቸረችራለች። ሩሃማ "እስቲ ትንሽ ቆይ፣ አባዬን ላለሳልሰው" ባለች ቁጥር ዘርዓብሩክ "እሺ" ይላል። እሺታው ዓመት ሞላው።

አቶ ሰብስቤ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። መምህሩን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጎሽ፣ ራሱ መጣ!" አሉ። "ሩሃማ፣ ይሄ ነው እንግዲህ ትምህርቱን በስልክ እየላከ ልጆቻችንን ክፍል ውስጥ ሲያጫውታቸው የሚውለው። የሔለንን ደብተር የምታዪው አንቺ ነሽ። እስቲ ፊት ለፊት ንገሪው፣ ቪዲዮው ይረባል?"

ለማታውቁት ላስረዳ። ዘርዓብሩክ ዘንድሮ የጀመረው አሠራር ቀላል ነው። ማብራሪያውን በሰባት ስምንት ደቂቃ ቪዲዮ ይቀዳና በቴሌግራም ይልካል። ልጆቹ ቤታቸው ያዩታል፣ ያልገባቸውን ይደጋግሙታል። ክፍል ሲገቡ ከሰሌዳ መገልበጥ የለም፤ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ እሱ በየቡድኑ እየዞረ ያግዛል። ወላጅ ግን በአጥር ሲያልፍ ጫጫታ ይሰማል። "አስተማሪ ዝም ብሎ ልጅ የሚያወራበት ክፍል ምን የሚሉት ነው?" የሚለው ሐሜት ከዓለም ባንክ ተነስቶ አየር ጤና ደርሷል። ቅዳሜ ስብሰባ ተጠርቷል፤ ቪዲዮው ይቀጥል ወይስ ይቅር፣ ከቀረም መምህሩ ይቀጥል ወይስ ይሰናበት፣ ያን ቀን ይወሰናል።

እና ያን ቪዲዮ ማን ይቀዳው ይመስላችኋል? ራሷ ሩሃማ! ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን የኳየር መዝሙር ልምምድ በኋላ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ስልኩን ይዛ የምትቆመው እሷ ናት። "ድምፅህን ከፍ አድርግ"፣ "ትከሻህ ቁጥሩን ሸፈነው" የምትለውም እሷ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ እዚያው ክፍል ተቀምጣ የቪዲዮውን ጫፍ ጫፍ ቆርጣ ታስተካክልለታለች፤ እሱ በዚህ በኩል እጁ አይፈታም።

"አላየሁትም አባዬ" አለች ሩሃማ። "ሥራ ይበዛብኛል፣ ለስልክ ትምህርት ጊዜ የለኝም።"

ዘርዓብሩክ አንድ ጊዜ ብቻ አያት። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አልተቆጣም፤ እንደማያውቃት ሰው አይቷት ዓይኑን ወደ አባቷ መለሰ።

"ስባሪውን ለትምህርት ነው የምፈልገው አቶ ሰብስቤ። ካላስቸገርኩዎት።"

"ስባሪ አይሸጥም፣ ከጓሮ ሰብስብና ውሰድ" አሉት።

በማዳበሪያ ተሸክሞ ሲወጣ ሩሃማ ቀለም የምትቆጥር መስላ ጀርባዋን ሰጠች። ያንኑ መደርደሪያ አራት ጊዜ ቆጠረችው።

*

ማክሰኞ በሰዓቷ ትምህርት ቤት ሄደች። ይቅርታ ልትጠይቅ መንገዱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ቃላት ስትመርጥ ነበር። ክፍሉ ክፍት ነው፤ ዘርዓብሩክ ግን የለም። ሁሌ ስልኩን ይዛ የምትቆምበት ቦታ ላይ አንድ ወንበር ብቻውን ቆሟል። መደገፊያው ላይ ስሟ የተጻፈበት ፖስታ ተሰክቷል።

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከፈተችው።

"ሩሃማ፣

"አልከፋኝም ብዬ አልዋሽሽም። እናቴ ጉልት ስለምትቸረችር አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። ትናንት ግን ደፋሁ። ያስደፉኝ አባትሽ አይደሉም፤ እሳቸው ያመኑበትን ነው ፊት ለፊት የተናገሩት። ሠላሳ አራቱንም ቪዲዮ በእጅሽ ይዘሽ የቀዳሽው አንቺ 'አላየሁትም' ስትዪ ግን፣ እኔንም አላየሽኝም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ምናልባት አበዛሁት ይሆናል። ልቤ ግን እንደዚያ ነው የሰማው።

"ቅዳሜ ስለ ሥራዬ የሚጠይቁኝን እኔ እመልሳለሁ። ስለ እኛ ግን ብቻዬን የምመልሰው ነገር የለም። ድብብቆሹ ሰለቸኝ ሩሃሜ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የምወዳትን ሴት ፌርማታ ላይ እንደማላውቃት እያለፍኩ መኖር አልችልም። እስከ ቅዳሜ አትደውይልኝ፣ እኔም አልደውልም። ለወላጆች የምልከውን ቪዲዮ እኔው አስተካክዬ እልከዋለሁ፣ አንቺን አላስቸግርም።

"ዘርዓብሩክ።"

ሁሌ "ዘርሽ" ብሎ ነበር የሚፈርመው። ሙሉ ስሙን ስታይ ደብዳቤውን አጣጥፋ ፖስታው ውስጥ መለሰችው። እጇን ሰሌዳው ላይ ብታሳርፍ፣ ቅዳሜ ለት የሳለው አራት ማዕዘን ገና አልጠፋም። ልታጠፋው ዳስተሩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው፤ እንዳለ ትታው ወጣች።

*

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ሱቅ ውስጥ ሰው ጭር ሲል ቴሌግራሟን ከፈተች። ዘርዓብሩክ ሐሙስ ከሰዓት ለወላጆች ሁሉ የላከው ቪዲዮ እዚያ ነው። ርዕሱ "የወለል ስፋት፤ ስንት ሴራሚክ ይበቃል?" ይላል። አየችው። አቤት ሲያምርበት! ያ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ያ ቀስ ያለ አነጋገር፣ ሲያስረዳ ጣቶቹን የሚያቆላልፈው ነገር። "በሉ፣ የቀረውን ክፍል ውስጥ አብረን እንለካለን" አለና ጨረሰ። ቪዲዮው ግን አልጨረሰም።

"ውይ ዘርዬ፣ ቆይ ቆይ!" አለች አንዲት ሴት ከስልኩ ጀርባ። "ፀጉርህን ጠመኔ ሞላው እኮ! ገና ሳንጋባ ሸበትክብኝ!" ከዚያ ሳቀች። ትንሽ ሳቅ እንዳይመስላችሁ፤ ካሜራውን ያንቀጠቀጠ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳቅ ነው። ዘርዓብሩክም እየሳቀ ፀጉሩን ሲያራግፍ ይታያል፤ "አጥፊው አንቺ፣ ይቀዳል!" ሲል ተቋረጠ።

ድምፁ የራሷ የሩሃማ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ የተቀዳ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይህ ነው። መቁረጡ የእሷ ሥራ ነበር፤ ስለተኳረፉ አልቆረጠችም። እሱ ደግሞ መጀመሪያውን ብቻ አይቶ፣ የቀረው እሱ ራሱ ያብራራው ነው ብሎ ሳያየው ለሃምሳ ሁለት ቤተሰብ ላከው። በየቤቱ ገብቷል እኮ! ትምህርቱ የሚታየው ሳሎን ተቀምጦ አይደል!

ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ይዛ ጥጉ ላይ የተቀመጠችውን ሔለንን በቀስታ ጠራቻት።

"ሔሉ፣ የሐሙሱን ቪዲዮ አይተሽዋል?"

"አይቼዋለሁ።" ሔለን ቀና አላለችም። "አባዬም አብሮኝ አየው።"

"እስከ መጨረሻው?"

አሁን ሔለን ቀና አለች። እህቷን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። "እስከ መጨረሻው" አለች።

ሩሃማ ወደ አባቷ ዞረች። አቶ ሰብስቤ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው የሆነ ወረቀት ያነባሉ። ከትናንት ጀምሮ አልተቆጡም፣ አልጠየቁም። አመሻሹ ላይ ሱቁን ሲዘጉ ብቻ ቁልፉን እያዞሩ "ነገ ስብሰባው ላይ አንቺም ትመጫለሽ" አሏት። "እናትሽም ትመጣለች።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሩሃማ "እሺ አባዬ" አለች።

*

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ወላጅ ክፍሉን ሞላው። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው መሀሉ ባዶ ሆኗል። ሩሃማ ከእናቷ ከወይዘሮ አልማዜ አጠገብ ኋላ ተቀመጠች። ዘርዓብሩክ ሸሚዙን ተኩሶ ፊት ቆሟል፤ ከስቷል። ስትገባ አይቷታል፣ ግን ዓይኑ አላረፈባትም።

"ሐሙስ የላኩትን ቪዲዮ ያላያችሁ እጃችሁን አውጡ" አለ።

ማንም አላወጣም። አቶ ቡልቻ የሚባሉ ጋራዥ ያላቸው አባት ግን "ኧረ እስከ መጨረሻው ነው ያየነው!" አሉና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ዘርዓብሩክ አንገቱ ድረስ ቀላ። "መጨረሻው የትምህርቱ አካል አይደለም" አለ። "ይቅርታ እጠይቃለሁ።" ሳቁ እስኪበርድ ታግሶ ቀጠለ። "እንግዲህ ማብራሪያውን ቤታችሁ አይታችኋል። እንደ ድሮው ቢሆን ይህን ሰዓት ሙሉ እኔ አወራ ነበር፣ እናንተ ትገለብጡ ነበር። አሁን ጊዜው የእናንተ ነው። አራት አራት ሁኑ። ሜትር አለ፣ ጠመኔ አለ፣ ስባሪ ሴራሚክም ጥግ ላይ አለ። ይህን ወለል አርባ በአርባ በሆነ ሴራሚክ ለመሸፈን ስንት ያስፈልጋል?"

መጀመሪያ ማንም አልተነሳም። ትልቅ ሰው እንዴት ወለል ላይ ይንበረከካል? ከዚያ ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሳያት ጫማቸውን አወለቁና ሜትሩን ያዙ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ገበያ ሆነ። አቶ ቡልቻ በርዝመቱ ሲሳሳቱ አንዲት እናት "ኧረ ከግድግዳው ጀምሩ!" ብለው ጮሁባቸው። ሩሃማ የምታየው አባቷን ብቻ ነው። አቶ ሰብስቤ እጃቸውን አጣምረው ትንሽ ቆሙ፣ ትንሽ አጉረመረሙ፣ መጨረሻ ላይ ግን የገዛ ሙያቸው ሆነባቸውና ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ አሉ።

"ስድስት በስምንት ነው፤ አስራ አምስት በዚህ፣ ሃያ በዚያ" አሉ። "ሦስት መቶ። ግን ሦስት መቶ ብሎ የገዛ ሰው ጉድ ይሆናል። ካርቶን ውስጥ የሚሰበር አለ፣ ጥግ ላይ የሚቆረጥ አለ። ይህንን ለልጆቹ ነግረሃቸዋል?"

"መጽሐፉ ላይ የለም" አለ ዘርዓብሩክ። "ሰኞ እነግራቸዋለሁ። ማን እንደነገረኝም እነግራቸዋለሁ።"

አቶ ሰብስቤ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ሲቀመጡ ጥያቄው መጣ። አቶ ቡልቻ ቤታቸው ያለው ስልክ አንድ መሆኑን፣ እሱም ከእሳቸው ጋር ጋራዥ እንደሚውል ተናገሩ። ዘርዓብሩክ እንዲህ ያሉ ልጆች ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አብረው እንደሚያዩት፣ እሱም ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቃቸው አስረዳ። አንዲት እናት "የእኔዋ ድሮ ስትጠየቅ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ከእኔ ጋር ትከራከራለች፣ አላስቀመጠችኝም" አሉ፤ ምስጋና ይሁን ክስ አልለየም። ከዚያ አቶ ሰብስቤ ተነሱ። 

"እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ" አሉ። "ቪዲዮውን የምትቀዳልህ ማናት? ድምጿ ቤታችን ገብቷል። ወላጅ የማወቅ መብት አለው።"

አሁን የሳቀ ሰው የለም። ሩሃማ የእናቷ እጅ ክንዷን ሲይዝ ተሰማት።

ዘርዓብሩክ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ አስቀመጠ። "ስሟን እንድናገር አልፈቀደችልኝም፣ አቶ ሰብስቤ። ያለ ፈቃዷም አልናገርም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላጣራ ላክሁት። ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን።"

እሷ ወደተቀመጠችበት አላየም። አንድ ጊዜ እንኳ ቢያያት፣ ክፍሉ በሙሉ ዓይኑን ተከትሎ ይደርስባት እንደነበር ያውቃል። ሥራውን ሊያጣ ነው፤ እንጀራውን ሊያጣ ነው፤ እሷን ግን አሁንም ይጋርዳታል። ሩሃማ ይህን ስታይ ዓመት ሙሉ የፈራችው ነገር ሁሉ ትንሽ ሆኖ ታያት። ክንዷን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ አስለቀቀችና ተነሳች።

"እኔ ነኝ።"

ወንበሮች ተንቋቁ። ፊት ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

"ሠላሳ አራቱንም የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ከኳየር በኋላ እዚህ ነበር የምመጣው። ሰኞ 'አላየሁትም' ያልኩህ ዋሽቼህ ነው።"  "ለአንተ ከመዋሸቴ ይልቅ በእሱ ፊት መዋሸቴ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ስሙ ዘርዓብሩክ ነው፤ የወይዘሮ አበበች ልጅ ነው፤ እወደዋለሁ። የማፍርበት አንድም ነገር የለውም። ያሳፈርኩት እኔ ነኝ።"

አንዲት እናት እልል ሊሉ ጀምረው አፋቸውን ያዙ። ዘርዓብሩክ አሁን ዞሮ አያት። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። ያ ሃምሳ ሰው ፊት ቆሞ የማይደናገጥ መምህር፣ ሰሌዳውን ተደግፎ እንደ ተማሪ ቆመ።

አቶ ሰብስቤ ልጃቸውንም መምህሩንም አላዩም። እጃቸው ላይ የቀረውን ሜትር ቀስ ብለው ጠቀለሉት።

"የቤቱን ጉዳይ ቤት እንነጋገርበታለን" አሉ። "ቪዲዮው ይቀጥል፣ መምህሩም ይቀጥል የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

የመጀመሪያውን እጅ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሩሃማ ግን አልተደሰተችም፤ እጁ ለሥራው እንጂ ለእሷ አለመሆኑን ታውቃለች።

*

ከዓለም ባንክ እስከ አየር ጤና በአባቷ መኪና ሄዱ። አቶ ሰብስቤ እንደወትሮው የታክሲ ሹፌሮችን እንኳ አልተቆጡም። ሩሃማ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የአባቷን ማጅራት እያየች "አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል" ስትል ሱቁ በር ላይ ደረሱ። አባቷ መኪናውን አቆሙት፣ ግን አልወረዱም።

"ያን ቪዲዮ ያየሁት ልከሰው ብዬ ነበር" አሉ መሪውን እንደያዙ። "ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ስህተቱን ልለቅም።"

"አባዬ፣ እኔ..."

"ቆይ ልጨርስ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ድምፁ የአንቺ መሰለኝ። ሳቁን ስሰማ ግን አይደለችም አልኩ። ልጄ እንዲህ አትስቅም አልኩ። ደገምኩት።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሃያ ስድስት ዓመት አሳደግኩሽ። አላስራብኩሽም፣ አላስጠማሁሽም። እንዲህ ስትስቂ ግን ቤቴ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።"

ሩሃማ የፊቱን ወንበር ይዛ ጠጋ አለች።

"አራት ጊዜ አየሁት" አሉ አቶ ሰብስቤ።

"ስድስት ጊዜ ነው" አሉ ወይዘሮ አልማዜ ከጎናቸው። "እኔ ጓዳ ሆኜ ስቆጥር ነበር።"

"እሺ፣ ስድስት።" መሐረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ወለወሉ። ብዙ ወለወሉት። "ሽማግሌ ብቻ ልኮ እንዳይቀር ንገሪው። እናቱን ይዟት ይምጣ። እንዲህ አድርጋ ያሳደገችውን ሴት ቤቴ ገብታ ማየት እፈልጋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሰው ስመዝን ኖርኩ፤ ሥራውን ሊያጣ ሲል እንኳ ስምሽን ያልጠራ ወንድ ግን ዛሬ ነው ያየሁት።"

ያኔ ሩሃማ አለቀሰች። ዓመት ሙሉ የዋጠችው ሁሉ፣ ፍርሃቱም፣ ናፍቆቱም፣ የሰኞው እፍረትም ተያይዞ ወጣ። ግንባሯን የአባቷ ወንበር ጀርባ ላይ ጥላ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች፤ ደስታ እንዲህ እንደሚያም ማንም ነግሯት አያውቅም። እናቷ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ፀጉሯን ዳበሱ።

የሱቁ በር ላይ ሁለት ደንበኞች ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። አንዱ ቀርቦ መስኮቱን አንኳኳ።

አቶ ሰብስቤ መስታወቱን በትንሹ ዝቅ አደረጉ። "ትንሽ ጠብቁን" አሉት፣ "ልጄ እያለቀሰች ነው።" ከዚያ መስታወቱን ዘግተው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ እስክትጨርስ ተቀመጡ።